ከምስሉ ውጭ የቀረው፦ የወሎ ረሃብ፣ መገናኛ ብዙኃንና የሕዝብ አመለካከት

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም፣ በዘመን መለወጫ ዕለት ምሽት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስለ ወሎ ረሃብ የሚናገር አንድ ፊልም አሳየ። በፊልሙ ላይ የጎን አጥንታቸው የሚቆጠር ሕፃናት፣ መቆም አቅቷቸው መሬት ላይ የተኙ አዛውንት፣ ሕይወታቸው ያለፈ ወገኖች ይታያሉ። በመካከሉ ሌላ ምስል ይገባል፤ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ በምግብ የተሞላ ማዕድ፣ ያጌጡ እንግዶች። ከዚያ ተመልሶ ወሎ ይመጣል። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ጠዋት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው መውረዳቸው ተነገራቸው፤ በአነስተኛ የቮልስዋገን መኪናም ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ።

ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው ፊልሙ ብቻ አይደለም። ከየካቲት 1966 ዓ.ም ጀምሮ የተቀጣጠለው የወታደሩ፣ የመምህሩ፣ የታክሲ ነጂውና የተማሪው ንቅናቄ መንግሥቱን አስቀድሞ ከውስጥ ቦርቡሮት ነበር። ሆኖም ከ40 ዓመታት በላይ በዙፋን የቆዩ፣ በብዙዎች ዘንድ ከሰው በላይ ተደርገው የሚታዩ ንጉሥ ሲወርዱ የከተማው ሕዝብ እምብዛም እንዳይደነግጥ መንገዱን ያለሰለሰው ያ ምሽት እንደነበር ስለዘመኑ የጻፉ ብዙዎች አስፍረዋል። መገናኛ ብዙኃን የሕዝብን አመለካከት እንዴት እንደሚቀርጹ መረዳት የሚሻ ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የወሎ ረሃብ በ12 ዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ ተደብቋል፣ አንድ ጊዜ ተቆርጦና ተቀጥሎ ታይቷል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል። በሦስቱም ጊዜ የተራበው ገበሬ ስለራሱ የሚናገረው አልተሰማም።

መጀመሪያ ድብቁ ነበር። በ1964 ዓ.ም ክረምቱ ከዳ፤ በ1965 ዓ.ም ደግሞ በልጉ ቀረ። በበልግ ዝናብ ለሚያርሰው የወሎ ደጋ ይህ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ መመታት ማለት ነው። በ1965 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት ከ1 ሺህ የሚበልጡ የወሎ ተፈናቃዮች በእግራቸው ተጉዘው አዲስ አበባ ደርሰው ነበር፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም ሊረዳቸው ሲሞክር ነበር። ሌሎች በወሎ በኩል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ቆመው አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ የሚበላ ይለምኑ ነበር። በሀገሪቱ ዋና መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው እንዳልታየ የተቆጠረው። በመንግሥት እጅ የነበሩት ሬዲዮና ጋዜጦች ዝም አሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ለእይታ ሲያቀርቡ ተማሪው ተቆጣ፤ ከግቢው አጥር ውጭ ግን ጉዳዩ ዜና አልሆነም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በአውቶቡሱ መስኮት ያን ሁሉ ሰው ያየ መንገደኛ ለምን አልጮኸም? የጭካኔ ጉዳይ አይመስልም። በሬዲዮ ያልተነገረ ነገር የግል አጋጣሚ ይመስላል፤ እያንዳንዱ መንገደኛ ያየውን የዚያች ቀን፣ የዚያች ቀበሌ ችግር አድርጎ ይዞት ይሄዳል። ሁሉም አይቷል፤ ሌላው ማየቱን ግን ማንም አያውቅም። ማክስዌል ማኮምብስና ዶናልድ ሾው የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1968 (እ.ኤ.አ) ምርጫ ወቅት በአንዲት የሰሜን ካሮላይና ከተማ የሚኖሩ 100 ያልወሰኑ መራጮችን ጠይቀው ያገኙት ውጤት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። መራጮቹ «የሀገሪቱ ዋና ችግር» ብለው የዘረዘሩት፣ የመገናኛ ብዙኃኑ ሰፊ ሽፋን ከሰጧቸው ጉዳዮች ጋር በእጅጉ ይመሳሰል ነበር። መገናኛ ብዙኃን ሰው ምን ብሎ እንዲያስብ ላያዝዙ ይችላሉ፤ ስለምን እንዲያስብ ግን ይመርጡለታል። ጥናቱ የታተመው በ1972 ሲሆን ያኔ የወሎ ረሃብ እየጀመረ ነበር። የወሎ መንገድ ደግሞ የጥናቱን ግልባጭ ያሳያል፤ ያልተመረጠ ጉዳይ ዓይን ፊት ቆሞም አይታሰብም።

የሞተው ሕዝብ ብዛት ዛሬም አከራካሪ ነው። ዝቅተኛው ግምት ከ40 ሺህ እስከ 80 ሺህ ሲሆን ከፍተኛው 200 ሺህ ይደርሳል። ቁጥሩ ይህን ያህል መራራቁ ራሱ ያኔ የሚቆጥር እንዳልነበረ ይናገራል።

ዝምታው የተሰበረው ከውጭ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ዘገባ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም አይ.ቲ.ቪ. በተባለው የብሪታንያ ጣቢያ ታየ፤ የብሪታንያ ሕዝብም ገንዘብ አዋጣ። ደርግ በ1967 ዓ.ም ዘመን መለወጫ ያሳየው ይህንኑ ፊልም ነው፤ የቤተ መንግሥቱን ድግስ እየቆራረጠ በመካከሉ ጨመረበት።

የፊልሙ ኃይል ያለው በዚህ ስፌት ላይ ነው። ረሃቡ እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ሲመጣ ግን ተመልካቹ በመካከላቸው «ስለዚህ» የሚል ቃል በራሱ አፍ ይጨምራል። ሩሲያዊው የፊልም ባለሙያ ሌቭ ኩሌሾቭ ይህንን ከ50 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር፤ ምንም ስሜት የማይነበብበት የአንድ ተዋናይ ፊት ከሾርባ ሳህን ቀጥሎ ሲታይ ተመልካቹ «ርቦታል» ይላል፣ ያው ፊት ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ ሲታይ «አዝኗል» ይላል። ፊቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ተመልካቹ ያመጣው ትርጉም ነው። ትርጉሙን ራሱ ስላመጣውም እንደ ራሱ ሐሳብ ይሟገትለታል፤ ሰው ከነገሩት ይልቅ ራሱ የደረሰበትን ያምናልና።

መንግሥቱ ረሃቡን ደብቆ ስለነበር የሕዝቡ ቁጣ መሠረት አልባ ነበር ማለት አይቻልም። ጥያቄው ስፌቱ ምን አስቀረ የሚለው ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 (እ.ኤ.አ) ባሳተሙት ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያወሳው መጽሐፋቸው የወሎን ጉዳይ በስፋት መርምረዋል። የደረሱበት ውጤት ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ አጠቃላይ የእህል ምርት የቀነሰው በጥቂቱ ነው፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም በረሃቡ ወቅት እህል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ እንደነበር የሚገልጹ ዘገባዎች አሉ። እህሉ ነበረ፤ ገበሬው ግን መግዣ አልነበረውም። የሚበላውም የሚሸጠውም ከዚያው ማሳ ነበርና ማሳው ሲከዳው መግዣውም አብሮ ከዳው። በቆላው በኩል ደግሞ የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ ቀደም ብሎ ለሰፋፊ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ተወስዶበት ስለነበር ድርቁ ሲመጣ መሸሻ አጣ።

ጭሰኝነት፣ የግጦሽ መሬት መነጠቅ፣ የበሬ ዋጋ መውደቅ በካሜራ ለመያዝ ይከብዳሉ። ማዕድ ግን በቀላሉ ይታያል። ስለዚህ ፊልሙን ያየው የከተማ ሰው የወሰደው ምክንያት ማዕዱን ነው። ለደርግ ሚዛናዊ ለመሆን፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ማስቀረቱ ሊዘነጋ አይገባም። በብዙ ሰው አእምሮ የተተከለው ሐሳብ ግን ከአዋጁ የቀለለ ነበር፤ ረሃቡን ያመጣው ቤተ መንግሥቱ ነው፣ ቤተ መንግሥቱ ከተለወጠ ረሃቡም አብሮ ያልፋል የሚል። በፊልሙ ላይ የታየው የወሎ ገበሬ በዚህ ላይ ምን እንደሚል የሚጠየቅበት ዕድል አልነበረም። ፊልሙንም አላየውም፤ ቴሌቪዥን የከተማ፣ ከከተማም የጥቂት ቤቶች ነገር ነበርና።

በምስል ኃይል ሕዝብን ያሳመነው መንግሥት የምስልን ኃይል ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ከዘጠኝ ዓመታት በኋላ ረሃቡ ወደዚያው አካባቢ ሲመለስ ይህ እውቀቱ ለመደበቅ ዋለ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም፣ በኮሚሽነሩ በሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ አማካይነት፣ ሚሊዮኖች አደጋ ላይ መሆናቸውን ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። መንግሥት ግን የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታን በመስከረም 1977 ዓ.ም በታላቅ ድምቀት ለማክበር ይዘጋጅ ስለነበር ወደ ሰሜን መሄድ የሚሹ የውጭ ጋዜጠኞች ፈቃድ አላገኙም። አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅና በመብራት ተሸለመች። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ሰልፉን አሳዩ፤ ኮረምን አላሳዩም። በ1967 ዓ.ም የታየው ድግስና ረሃብ በ1977 ዓ.ም እንደገና ጎን ለጎን ነበሩ፤ የሚሰፋቸው ብቻ ጠፋ።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም የቢ.ቢ.ሲ. ዘጋቢ ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዘገባ በለንደን ታየ። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ሲነጋ፣ ጉም በለበሰ ሜዳ ላይ፣ ብርድ ያቆራመደው በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይታያል። ዘጋቢው ትዕይንቱን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር አመሳሰለው። ዘገባው በ425 የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሠራጭቶ ወደ 470 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ይነገራል። በዓለም ዙሪያ ገንዘብ፣ እህልና አውሮፕላን ተንቀሳቀሰ። ቦብ ጌልዶፍ ሙዚቀኞችን አሰባሰበ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው «ላይቭ ኤይድ» የተሰኘው ዝግጅትም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ። በዚያ እህል ነፍሱ የተረፈ፣ ዛሬ ልጅና የልጅ ልጅ ያየ ብዙ ሰው በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል አለ። የሰባ ሰባቱን ዘገባ የሚተች ሁሉ ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባዋል።

ያም ሆኖ ከሰባቱ ደቂቃ የቀረው ብዙ ነው። በዘገባው ውስጥ ከጋዜጠኛው ቀጥሎ ድምፃቸው የሚሰማው የውጭ ሀገር ሐኪም ናቸው፤ በሜዳው ላይ ካለው ሕዝብ ማንም ከየት እንደመጣ፣ በሬውን መቼ እንደሸጠ፣ ለምን ቀዬውን ጥሎ እንደወጣ ሲናገር አይሰማም። ረሃቡ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ሆኖ ቀረበ። ጦርነቱ ከምስሉ ውጭ ነበር። አፍሪካ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ተቋም በ1991 (እ.ኤ.አ) ባወጣው ሰፊ ዘገባ እንዳመለከተው በትግራይና በሰሜን ወሎ የተካሄዱት ወታደራዊ ዘመቻዎች፣ የገበያዎች መደብደብና የሰውና የእህል ዝውውር መገደብ ድርቁን ወደ እልቂት ከቀየሩት ምክንያቶች ቀዳሚዎቹ ነበሩ። ድርቅ ብቻ ነው ብሎ የተረዳ ዓለም እህል ላከ፤ ስለጦርነቱ የጠየቀው ጥቂት ነው። ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲሰፍር፣ ብዙው በግዴታ መሆኑ እየታወቀ፣ ጉዳዩ ለብዙ ተመልካች የእርዳታው አካል መስሎ አልፏል። በዚያ ረሃብ የሞተው ሕዝብ ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል።

ከዘገባው በኋላ የወጣው የሙዚቀኞቹ ዘፈን «ገና መሆኑን ያውቃሉ?» የሚል ርዕስ ነበረው። ጥያቄው የቀረበው ስለ ወሎ ሕዝብ ነው። ላሊበላ ከኮረም ብዙም አትርቅም፤ የገና በዓልም በዚያ ቤዛ ኩሉ እየተባለ ሲከበር የኖረው እንግሊዞቹ ዘፈን ከማውጣታቸው መቶ ዓመታት አስቀድሞ ነው። ዘፈኑ የሣላት ምድርም ዝናብና ወንዝ የማያውቃት፣ አንዳች የማይበቅልባት ናት፤ የዓባይ ምንጭ ያለባትን ሀገር። ዘፋኞቹ ክፋት አልነበራቸውም፤ ያዩት ሰባቱን ደቂቃ ነው።

ይህ ምስል ምን ያህል እንደሚቆይ ለማየት ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ ቪ.ኤስ.ኦ. የተባለው የብሪታንያ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት ያካሄደው ነው። ውጤቱ ይፋ የሆነው በ2002 (እ.ኤ.አ)፣ ከኮረሙ ዘገባ ከ17 ዓመታት በኋላ ነበር። ከተጠየቁት ብሪታንያውያን 80 በመቶው በማደግ ላይ ያለውን ዓለም የሚያስቡት ከረሃብ፣ ከአደጋና ከምዕራባውያን እርዳታ ጋር አያይዘው ነበር። በለንደንም ሆነ በዋሽንግተን የኖረ ኢትዮጵያዊ «ከየት ነህ?» ለሚለው ጥያቄ ከመለሰ በኋላ የሚመጣውን የሐዘኔታ ፊት ያውቀዋል።

የሰው አእምሮ ለምን እንዲህ ይሆናል? አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን በ1973 (እ.ኤ.አ) ባሳተሙት ጥናት ሰው የአንድን ነገር ብዛት የሚገምተው ምሳሌው ወደ አእምሮው በሚመጣበት ፍጥነት ልክ መሆኑን አሳይተዋል። ቶሎ የሚታወሰው ብዙ ይመስላል። የኮረም ሜዳ ቶሎ ይታወሳል፤ በዚያው ዓመት በጎጃም ወይም በአርሲ የተወቃው እህል አይታወስም፤ ማንም አልቀረጸውምና። ከዚህ የሚብሰው በ2007 (እ.ኤ.አ) ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎውንስታይንና ፖል ስሎቪክ ያሳተሙት ሙከራ ነው። ለአንደኛው ቡድን የአንዲት የሰባት ዓመት የማሊ ልጅ ታሪክ ተነገረው። ለሁለተኛው ቡድን ቁጥር ተነገረው፤ ከቁጥሮቹም አንዱ ከ11 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው የሚገልጽ ነበር። ለልጅቷ የተሰጠው ገንዘብ ለሚሊዮኖቹ ከተሰጠው እጥፍ በላይ ሆነ። ይብስ ብሎ የልጅቷ ታሪክና ቁጥሩ አንድ ላይ ሲቀርቡ ልግስናው ቀነሰ። ቁጥሩ ሲጨመር ሰው ማስላት ይጀምራል፤ ማስላት ሲጀምር እጁ ይጠብቃል።

ጋዜጠኛ ጥናቱን ባያነብም ነገሩን ከልምዱ ያውቃል። ስለዚህ አንድ የሚያለቅስ ሕፃን ይፈልጋል፤ ጦርነቱን፣ የመሬቱን ጉዳይ፣ የገበያውን ሒሳብ ወደ ዘገባው መጨረሻ ይገፋል፣ ወይም ይተወዋል። ተመልካቹም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አድልዎው በአንድ ወገን የሚፈጠር አይደለም፤ አቅራቢውና ተቀባዩ ተግባብተው የሚሠሩት ነው።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል ይባላል። የአርሶ አደሩ ልጅ እጅ ላይ ካሜራ ያለው ስልክ አለ፤ የኮረምን ሜዳ ለማሳየት ከናይሮቢ አውሮፕላን መጠበቅ አያስፈልግም። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የ1965ቱ ዓይነት ዝምታ ከእንግዲህ ይከብዳል። ግን የሚሠራጨውን የሚመርጠው አሁንም ያው የሰው ልብ ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ) ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጥናት ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሠራጩ ወደ 126 ሺህ የሚጠጉ ወሬዎችን መርምሮ እውነቱ 1 ሺህ 500 ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ከሐሰቱ ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ እንደሚወስድበት አግኝቷል። ለዚህ ተጠያቂው ማሽን ሳይሆን ሰው መሆኑንም ጥናቱ ገልጿል፤ ሐሰቱ አዲስና አስደንጋጭ ስለሚሆን ሰው ለወዳጁ ያቀብለዋል። ሌላው አሮጌ ድክመት መደጋገም ነው። ከ1977 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ በተደረጉ ሙከራዎች እንደታየው ሰው ደጋግሞ የሰማውን ነገር፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ከአዲሱ ይልቅ ያምናል። በሰርግ ቤት፣ በገበያና በስልክ ሦስት ጊዜ የተሰማ ወሬ ሦስት ምስክር ያለው ይመስላል፤ ምንጩ አንድ ቢሆንም።

ሕጉም ይህን ተከታትሎ መጥቷል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚፈጸም ጥፋትን ከበድ አድርጎ ይቀጣል፤ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም የጣቢያዎችን ግዴታ ይዘረዝራል። ሕግ ሊጠይቅ የሚችለው ግን «ይህ እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» የሚለውን ነው። የመስከረም 1 ፊልምና የኮረሙ ዘገባ በዚህ ጥያቄ ቢፈተኑ ሁለቱም ያልፋሉ፤ በምስሎቹ ውስጥ ሐሰት አልነበረም። የተተወን ነገር የሚከስ አንቀጽ ደግሞ ሊጻፍ አይገባም፤ ምን መነገር እንዳለበት የሚወስን ሹም ይፈጥራልና።

የተተወውን ለማየት ከወሎ ረሃብ ይልቅ ለዛሬ የሚቀርብ ምሳሌ አለ፤ የገበያ ዜና። በየበዓሉ ዋዜማ ጋዜጠኛ ማይክራፎን ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል። «ጤፍ ተወደደ፣ በግ ተወደደ፣ ሽንኩርት ቀነሰ» የሚል ዘገባ ይዞ ይመለሳል። ዘገባው ትክክል ነው፤ የከተማው ነዋሪም ኑሮው ከብዶታልና ሊነገርለት ይገባል። ነገር ግን «ተወደደ» የሚለው ቃል ራሱ የገዢ ቃል ነው። ጋዜጠኛው የሚኖረው በከተማ ነው፣ ጤፍ የሚገዛው ከወፍጮ ቤት ወይም ከእህል በረንዳ ነው፤ ቃሉ ከዚያ ይመጣል። ያንኑ ዜና የሚሰማ አርሶ አደር የማዳበሪያው ዋጋ ከእህሉ ዋጋ ቀድሞ መሮጡን፣ ምርቱ በእጁ ባለበት በጥር ዋጋው ወድቆ እንደነበር፣ በክረምት ሲወደድ ደግሞ እሱም ገዢ መሆኑን ያስባል። ከተሜው «ገበሬው ከበረ» ይላል፤ ገበሬው «ከተሜው በነፃ መብላት ይሻል» ይላል። ሁለቱም ይህን የተማሩት በከፊል ከአንድ ዜና ነው።

የደሴ ገበያ ታሪክ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። በ1965 ዓ.ም ዛሬ እንዳለው ያለ የገበያ ዘገባ ቢኖርና ጋዜጠኛ ደሴ ገበያ ወርዶ የእህል ዋጋ ቢጠይቅ «ገበያው ሰላም ነው» የሚል ዜና ይዞ ይመለስ ነበር። በገዢ ሚዛን ሲታይ ረሃብ አልነበረም። ረሃቡ የሚታየው በሻጭ ሚዛን ነው፤ የበሬና የፍየል ዋጋ ምን ያህል ወደቀ፣ አንድ ፍየል ስንት ቁና እህል ይገዛል፣ የእርሻ በሬውን የሚሸጥ ሰው በዚህ ሳምንት ስንት ሆነ በሚለው።

ይህን ሒሳብ ዛሬ የሚከታተሉ ተቋማት አሉ። ከሰባ ሰባቱ ረሃብ በኋላ በ1985 (እ.ኤ.አ) አሜሪካ ያቋቋመችው ፊውስ ኔት የተባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ከዝናቡ ጎን ለጎን የእንስሳትና የእህል ምንዛሪን ይመዘግባል። በጥር 2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ የዚህ ተቋም ድረ ገጽ ተዘግቶ ነበር፤ ከወራት በኋላ ተመልሷል። ሪፖርቱ የሚጻፈው ግን በእንግሊዝኛ፣ ለለጋሾችና ለባለሥልጣናት ነው። የባቲ ወይም የቆቦ ገበያ ሻጭ ባለፈው ወር አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ማሽላ ይገዛ እንደነበር፣ ዘንድሮስ ስንት እንደሚገዛ በአማርኛ በየሳምንቱ የሚነግረው ሬዲዮ ቢኖር ወጪው ማይክራፎኑን ከእህል ተራ ወደ ከብት ተራ የማሻገር ያህል ነው። ሁለቱ ተራዎች በአብዛኛው የወረዳ ከተማ ገበያ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው።